ማሽኑ እስከ አምስት ይሄዳል

ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበሩት እትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ወገብዎ ሳያስቸግርዎት፣ ዓይንዎም ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር ማስገባት እንደቻለ ያግኝዎት። እኛ ክብር ለፈጣሪ አለን። ወንድምዎ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገብቷል።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት ታበላሻለች እንደሚሉ አውቃለሁ። ስልኩ ያለው እሱ አልጋ አጠገብ ነው። እኔ ገና “እትዬ” ከማለቴ ከእጄ ይነጥቅና “አንበሳ ነኝ፣ አታስቢ” ብሎዎት ይዘጋዋል። አንበሳነቱ ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ ነው፤ መሃል ላይ ወንበር ተደግፎ ያርፋል። ስለዚህ ቀልዱን በስልክ፣ እውነቱን በጽሑፍ ያግኙት ብዬ ነው።

የላኩት የኦክስጅን ማሽን በሰላም ደርሷል። ቴክኒሻኑ መጥቶ አስጀመረልን። ሲሠራ ያጉረመርማል፤ ወንድምዎ “እዚህ ቤት የሚያጉረመርሙ ሁለት ሆኑ” ይላል፣ አንደኛዋ እኔ መሆኔ ነው። ከፊቱ ቀጥ ያለች ብርጭቆ አለች፣ ውስጧ ትንሽ ኳስ ትንሳፈፋለች፤ ከሥሯ ያለችው ቁልፍ ስትዞር ኳሷ ከፍ ዝቅ ትላለች። ዶክተሩ ኳሷ ሁለት ቁጥር ላይ ትቁም፣ እኔ ሳላዝ ማንም እንዳይነካት ብሏል። ጣቱን ቆንጥጣ በደሙ ያለውን ኦክስጅን የምትለካ መለኪያም ሰጥተውናል። ከሰማንያ ስምንት እስከ ዘጠና ሁለት ካሳየች ደህና ነው ማለት ነው።

የማሽኑን ቦታ የመረጠው ራሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በብየዳ ለኖረ ሰው ስለ ኦክስጅን ማን ይነግረዋል? “እሱ ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን ያሳብደዋል” ይላል። ከግድግዳው አራቀው፣ መጋረጃውን አስወለቀኝ፣ የከሰል ምድጃዬን ጓሮ አባረረው፣ ሻማ የሚባል ነገር ከመሳቢያው አስወጣ። በሩ ላይ በቀይ ቀለም “እሳት ይዘህ አትግባ” ብሎ ጻፈ። ኪራይ ሰብሳቢው ይህን አይቶ ከውጭ ሆኖ መጮህ ጀምሯል። መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምበት ሲሊንደር ደግሞ ጥግ ላይ በሰንሰለት ታስሮ ቆሟል፤ ወድቆ አንገቱ እንዳይሰበር ነው አለኝ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። የአፍንጫው ቱቦ አጭር ነው፤ እሱ ደግሞ መስኮቱ ጋ ደርሶ መንገዱን ማየት ይፈልጋል። ረዘም ያለ ካገኙ ይላኩልን።

አክባሪዎ
የወንድምዎ ሚስት


ኅዳር 2 ቀን

ለወንድሜ ሚስት፣

ፈጣሪ ቤታችሁን ይጠብቅ፣ አንቺንም ከነጥንቃቄሽ ያኑርሽ። እኔ ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ የሰው ሱሪ ሳሳጥር እውላለሁ፤ የዚህ አገር ሰው ቁመቱን ሳይለካ ነው የሚገዛው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ማሽኑን የሸጠልኝ ሰው እስከ አምስት ይሄዳል ብሎኛል። እስከ ሦስት የሚሄድም ነበረ፤ እሱን ትቼ ይሄኛውን የመረጥኩት ወንድሜ እንዳያጥረው ነው። አምስት ያለው ሰው በሁለት የሚተነፍሰው ስለምንድን ነው? ዘጠናስ ምን ማለት ነው? መቶ እያለ ዘጠና?

እናታችን ስታርፍ እሱ ገና ጥርስ አላበቀለም ነበር። በዚህ በጀርባዬ ነው ያደገው። በስልክ ድምፁን ስሰማ ቃሉን የት ላይ እንደሚቆርጠው አውቃለሁ። “አንበሳ” ለማለት ሁለቴ ነው የተነፈሰው።

አንቺ ትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርተሻል። ጠመኔ ለሁለት ሰብረሽ ታድዪ እንደነበር እሱ ራሱ እየሳቀ አጫውቶኛል። ለጠመኔ ይሁን፣ ደግ አድርገሻል። ኦክስጅን ግን ጠመኔ አይደለም። ወንድሜን አየር አትንፈጊብኝ።

ረጅም ቱቦ ልኬያለሁ። አፍንጫው እንዳይላጥ የምትቀቢው ቅባትም አለበት። ለማሽኑም አቧራ እንዳይገባው ልብስ ሰፍቼለታለሁ። ከአናቱ እስከ እግሩ ይሸፍነዋል፣ ውስጡ ጥጥ ስላለው ድምፁንም ያፍንልሻል። አልብሰሽው ፎቶ ላኪልኝ።

የባልሽ እህት


ታኅሣሥ 11 ቀን

ለተከበሩት እትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የዚያ አገር ብርድ እንዳይጎዳዎት፣ የሱቁ ማሞቂያም እንዳይበላሽብዎት እመኛለሁ። ደንበኞችዎም ቁመታቸውን ሳይለኩ መግዛታቸውን ይቀጥሉ፤ እንጀራ ነውና።

መልሴ የዘገየው ቱቦውን ከግድግዳው ሥር እስካስይዘው ነው። ረጅም ነገር መሃል ቤት ሲጋደም ሰው ይጥላል። ምንጣፍ ሥር እንዳልቀብረው ደግሞ እየመጣች የምታየው ነርስ ከልክላኛለች፤ ተጣጥፎ ቢታፈን አይታይም። አሁን ወንድምዎ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ሰፈሩን ያስተዳድራል። ማን ከማን ጋር እንዳለፈ ከእሱ የሚሰወር ነገር የለም።

ቅባቱን ገና ክዳኑን ስከፍተው “ከዚህ ክፍል አውጪው!” ብሎ ጮኸብኝ። ወርክሾፕ ውስጥ አንድ በያጅ ቅባት በነካ እጁ የኦክስጅን ቫልቭ ከፍቶ እጁን ከነጓንቱ እሳት እንደበላው ነገረኝ። “አሁን ቫልቩ አፍንጫዬ ነው” አለ። ነርሷንም ጠየቅኳት፤ ቫዝሊንና ዘይት ያለበት ነገር ፊቱ እንዳይደርስ፣ በውሃ የተሠራ ቅባት ብቻ ብላ ሌላ ሰጠችን። የእርስዎን እኔ ጓሮ ወጥቼ ተረከዜን እቀባበታለሁ። የሕፃን ተረከዝ ሆኖልኛል።

ልብሱን ለማሽኑ አለበስነው። አምሮበት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን ጋለና ይጮህ ጀመር። ቴክኒሻኑን ብንጠይቀው “እሱም እኮ የሚተነፍሰው ከክፍሉ ነው፣ ለምን ታፍኑታላችሁ?” አለን። ስለዚህ የሳሎኑን ወንበር አልብሰነዋል። እንግዳ ሁሉ ማን ሰፋው እያለ ይጠይቃል።

ስለ አምስቱም ዶክተሩን ጠይቄ ነበር። “መኪናሽ መቶ ሃያ ስለሚሄድ ሰፈር ውስጥ በመቶ ሃያ ትነጂያለሽ?” አለኝ። የወንድምዎ ዓይነት ሳንባ ኦክስጅን ሲበዛበት እንቅልፍ ይጥለዋል ነው ያለው። መኪና የለኝም፤ ነገሩ ግን ገብቶኛል።

ጠመኔውንም ሰብሬያለሁ፣ አልክድም። ሙሉውን ስሰጣቸው መምህራኑ ተማሪ ላይ ይወረውሩት ነበር።

አክባሪዎ
የወንድምዎ ሚስት


ጥር 3 ቀን

ለወንድሜ ሚስት፣

ጤና ይስጥሽ።

የአክስታችን ልጅ ጽፋልኛለች፤ ያቺ ሬዲዮ የምትሏት። እናንተ ጋ መጥታ አንድ ከሰዓት በኋላ አብራ እንደዋለች ነገረችኝ። ወንድሜ አንድ ወሬ ጀምሮ ሳይጨርሰው ደክሞት እንደተወው፣ አንቺ ደግሞ ኳሷን እንደ ፖሊስ ስትጠብቂ እንደነበር ጽፋለች። ሬዲዮ ስትጨምር እንደምትጨምር አውቃለሁ፤ ይሄን ግን ከየት ታመጣዋለች?

እሱ ወሬ ጀምሮ ሳይጨርስ! በልጅነቱ ተኝቶ እንኳ ያወራ የነበረ ልጅ!

ሐኪም ሐኪም ነው፤ ለሁሉም በሽተኛ አንድ ቃል ይናገራል። እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ። ከአንቺ ጋር ከእንግዲህ አልከራከርም። ከራሱ ጋር እነጋገራለሁ። ሲሊንደር ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው የራሱን ቁልፍ ማዞር አያቅተውም።

ሹራብ ልኬለታለሁ። የአንገቱ ቁጥር ተለውጦ እንደሆነ ንገሪኝ፤ ሬዲዮ በላከችልኝ ፎቶ ላይ ቀጭን ሆኖብኛል።

የባልሽ እህት


የካቲት 20 ቀን

ለተከበሩት እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህ ሲደርስዎ ተቀምጠው ያንብቡት። ወንድምዎ አለ። ይህን ከፊት የምጽፈው በኋላ እንዳይደነግጡ ነው።

ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ አሁን ወጥቷል። በስልክ “ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘጋ” ያለዎት ከዚያው ሆኖ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወርክሾፑ ጓደኞቹ ሊጠይቁት መጡ። እኔን ለስላሳ አምጪ ብሎ ሱቅ ላከኝ። ስመለስ ከደጅ ሳቅ ሰማሁ። ያንን ተገልብጦ የተበየደውን የውሃ ታንከር ታሪክ እያወራ ነው፤ እጁን እያወናጨፈ፣ ትንፋሽ ሳያጥረው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ሰዎቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ። “አለቃ፣ አንተማ ምንም አልሆንክም!” ይሉታል። እትዬ፣ እኔም ደስ አለኝ። ከታመመ ወዲህ አንድ ታሪክ ሲጨርስ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ፊቱን እንጂ ኳሷን አላየሁም።

እንግዶቹ ሲሄዱ እንቅልፍ ወሰደው። ሲጫወት ደክሞት ነው ብዬ ብርድ ልብስ አለበስኩት። ጠዋት ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተነሣ። ፊቱ ቀልቷል፣ ምላሱ ተሳስሯል፣ እጁ ያለ ትእዛዝ ይንቀጠቀጣል። አየኝና “እትዬ፣ እዘይኝ” አለኝ። ከዚያ ተመልሶ ተኛ፤ ብጠራው፣ ብነቀንቀው እምቢ አለ። ያኔ ነው ማሽኑን ያየሁት። ኳሷ አምስት ላይ ነበረች። ወደ ሁለት መለስኳትና አምቡላንስ ጠራሁ።

ዶክተሩ እንዲህ አስረዳኝ፤ መተንፈስ ማስገባት ብቻ አይደለም፣ ማስወጣትም አለ። የእሱ ሳንባ የተቃጠለውን አየር አሟጦ ማስወጣት ያቅተዋል። ኦክስጅኑ ሲበዛ ያ የተቃጠለው ደሙ ውስጥ ይጠራቀምና እንደ መጠጥ ያሰክረዋል፣ ያስተኛዋል። ጣቱ ላይ መቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ሰውየው ግን እየሄደ ነው። አየር እየገፋ የሚያስተነፍስ ጭምብል አድርገውለት ብዙ ታግለው መለሱት። ሲበዛ ማርም ይመራል የሚባለው እውነት ኖሯል።

ማን ከፈተው ብለው ጠየቁን። እሱ ከእንግዶቹ አንዱ በክርኑ ነክቶት ነው አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም አይነቅዝም።

ሹራቡ ልክ ሆኖታል።

አክባሪዎ
የወንድምዎ ሚስት


መጋቢት 22 ቀን

ለወንድሜ ሚስት፣

እንደምን አላችሁ? እንደምን አለ?

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። መልስ ለመጻፍ ተቀምጬ እነሣለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ክርን ነክቶት ነው ያልሽውን አነበብኩት። አሁን ይበላል? ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል ወይ? ሲተኛ ብትጠሪው ቶሎ ይሰማሻል? እነዚህን በየደብዳቤው ጻፊልኝ። በስልክ የሚለኝን ከእንግዲህ አላምነውም። ሬዲዮም ጽፋልኝ ነበር፤ ሳልጨርሰው አስቀመጥኩት።

“እዘይኝ” ማለቱን ለሰው አታውሪብኝ። ከእኔና ከአንቺ አይለፍ።

የእግርሽ ቁጥር ስንት ነው? እዚህ ሱቅ አጠገብ ጥሩ ጫማ አይቻለሁ፤ ቆዳው ለስላሳ ነው። ብዙ ትቆሚያለሽ።

የባልሽ እህት


ሚያዝያ 8 ቀን

ለተከበሩት እትዬ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? እሱ ይበላል። ጠዋት ራሱን አያመውም። አንድ ጊዜ ስጠራው ይሰማኛል፤ ሁለተኛ ስጠራው ይቆጣኛል።

ስለ ጫማው እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ያለኝ ይበቃኛል። ይልቅ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ዛሬ በግልጽ ልጻፍልዎ።

ክርን አልነበረም። እሱ ሆስፒታል ሳለ ለአንዲት ነርስ በሹክሹክታ ሲነግራት ሰማሁት። “እህቴ ናት እንግዳ ሲመጣ ክፈተው ያለችኝ፤ ለሚስቴ እንዳትነግሪያት፣ ይጣላሉ” አላት። እኔ መጋረጃው ጀርባ ፎጣ እያጠፍኩ ነበር። እትዬ፣ በጣም ተናደድኩ። ውሸት ለምን እጽፋለሁ? ይህን ማሽን ያመጡለት እርስዎ፣ በማሽኑ ሊገድሉት የነበሩትም እርስዎ ነዎት ብዬ በልቤ ስንት ቀን ጮኽኩብዎት። ከዚያ “እትዬ፣ እዘይኝ” ያለውን ሳስታውስ ንዴቱ ይበርድልኛል። አየር የምሰስትበት መስዬዎት ነበር እንጂ ሰስቼ አይደለም፤ ስስቴ ለእሱ ነው።

ይህን አሁን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። ወንድምዎ ሰኔ ሲገባ የወርክሾፑን ሰዎች ቀጥሯቸዋል። ወርክሾፑ ሊፈርስ ነው፤ መሬቱ ለሌላ ሥራ ተፈልጓል። ከመበተናቸው በፊት ሁሉም ተሰብስበው አለቃቸው ቤት ሊውሉ ነው። ከአሁኑ ሸሚዙን አስተኩሷል። ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ ለአንድ ቀን እንደ ድሮው ሊሆን ይፈልጋል። እኔን አይጠይቀኝም። እርስዎን ነው የሚጠይቀው፤ ለእሱ ከዶክተሩ በላይ እርስዎ ነዎት። የእኔ ቃል ምክር ነው፣ የእርስዎ ቃል ሕግ ነው።

እርስዎ እሺ ካሉት እኔ አላድነውም። እንግዳ እያስተናገድኩ ቁልፏን ቀኑን ሙሉ ጨብጬ መቆም አልችልም፤ ለስላሳ አምጪ ይለኛል። ዶክተሩ ሁለተኛ ከተደገመ ላናነቃው እንችላለን ብሏል።

አደራዎትን።

የወንድምዎ ሚስት


ግንቦት 5 ቀን

ለእህቴ፣

የጻፍሽውን ተቀብያለሁ፤ ፈጣሪ ያንቺን ልብ ይባርክ። ስለ ራሴ የምለው የለኝም። ተጽፎ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ደወለልኝ። እንዳልሽው ነው። መጀመሪያ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ሱቁ ጠየቀኝ፣ አመሰገነኝ፤ ሲፈልግ እንዴት እንደሚያባብል ታውቂዋለሽ። ከዚያ “እትዬ፣ ሰዎቹ ሲመጡ ለአንድ ሰዓት ብቻ ሦስት ላይ ላድርጋት?” አለኝ። ከአምስት ወርዶ በሦስት መደራደሩ ነው።

አይሆንም አልኩት።

ሳቀ። የምቀልድ መሰለው። አይሆንም፣ ሁለት ላይ ትሁን አልኩት። ያን ጊዜ መለመን ጀመረ። “እኔ እኮ በእጅ ምልክት የማወራ ሰው ሆንኩ። አንዴ እንደ ሰው ላውራቸው። እነሱ ከተበተኑ መቼ አገኛቸዋለሁ?” አለ። ከተወለደ ጀምሮ የጠየቀኝን ከልክዬው አላውቅም። ድሃ ሳለን እንኳ ከሰው ተበድሬ ሰጥቼዋለሁ። አይሆንም ብዬ ደገምኩት።

ሁለት ጊዜ ሲተነፍስ ሰማሁት። ከዚያ “እናቴ ብትሆኚ ኖሮ አትከለክዪኝም ነበር” አለኝ። እህቴ፣ ይህን ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። እናትህ አይደለሁም፣ ሁለት ላይ ትሁን አልኩት። ዘጋብኝ። ወደ ሥራዬ ተመልሼ የአንዱን ሰውዬ ሱሪ አንዱን እግር ብቻ ሁለት ጊዜ አሳጠርኩት።

ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሣም። ትናንት አንቺ ስታነሺው ከኋላ “የለም በያት” ሲል ሰማሁት። ሁለቱንም ቃል በአንድ ትንፋሽ ነው ያለው፤ እሱን እንኳ አዳምጬለታለሁ።

ሰዎቹ ሲመጡ በሩ ላይ ያዢና ንገሪያቸው። እነሱ ያውሩ፣ እሱ ይስማ። ሲሳሳቱ ያርማቸው፤ ማረም አያደክመውም፣ ይወዳል። ለስላሳውን አስቀድመሽ ግዢና ከአጠገቡ አትሂጂ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እንዳታስታርቂን። ላንተ ብላ ነው እያልሽ እንዳታባብዪልኝ። ከታረቀኝ መልሶ ይጠይቀኛል፤ ሁለተኛ እምቢ የምልበት አንጀት የለኝም። አኩርፎም ቢሆን ይኑርልኝ።

እህትሽ